የቆየ የሆድ ሕመም ሁሉ አሜባ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በድሬዳዋ ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ሆዴን ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ አንድ ሰሞን ያስቀምጠኛል፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ ያደርቀኛል የሚሉ ሰዎች «አሜባዬ ተነሣብኝ» ብለው ያለ ማዘዣ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ይጠይቁኛል። ለጥቂት ቀናት ቀለል ካላቸው በኋላ ያንኑ መድኃኒት ፍለጋ ይመለሳሉ። ከእነዚህ መካከል ጥቂት የማይባሉት ሕመማቸው አይቢኤስ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ኢሪቴብል ባወል ሲንድረም ሊሆን እንደሚችል አንባቢያን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

አይቢኤስ የሚከሰተው አንጀት ቆስሎ ሳይሆን የአንጀት እንቅስቃሴና አንጀትን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው የነርቭ ሥርዓት ሲዛባ በመሆኑ፣ በምርመራ የሚታይ ነገር ላይገኝ ይችላል፤ ሕመሙ ግን የእውነት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ሮም 4 በተባለው መስፈርት መሠረት፣ የሆድ ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር ሊሆነውና ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን ሊሰማ ይገባል፤ በተጨማሪም ከመጸዳዳት ጋር መያያዝ፣ የመጸዳዳት ድግግሞሽ መለወጥና የሰገራ መልክ መለወጥ ከሚባሉት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ አብረውት መታየት አለባቸው።

አሜባና ጃርዲያ በአካባቢያችን መኖራቸው ነገሩን ያወሳስበዋል። በጃርዲያ የታመመ ሰው ተሕዋሱ ከጠፋለት በኋላ እንኳ አይቢኤስ ሊጀምረው ይችላል። በሌላ በኩል ጉዳት የማያደርሰው ኢንታሜባ ዲስፓር የተባለው የአሜባ ዓይነት በተለመደው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ከበሽታ አምጪው አሜባ ስለማይለይ፣ «አሜባ ታይቷል» የሚል ወረቀት ብቻውን ለዓመታት የቆየን ሕመም አያስረዳም። ሜትሮኒዳዞልም ቢሆን እንደ ከረሜላ የሚወሰድ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል።

ስለ ጫት መናገር በእኛ ከተማ ደስ አያሰኝም፤ ሆኖም ድርቀት የሚያስቸግረው ሰው ከሰዓት በኋላውን ምግብ ሳይቀምስ በርጫ ላይ እያሳለፈ መፍትሔውን ከመድኃኒት ቤት መጠበቁ ትክክል አይመስለኝም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ድርቀትም ያስከትላል።

ከምግብ በኩል ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር በአንጀት ውስጥ ስለሚብላሉ ጋዝ ያበዛሉ፤ የወተት ስኳር የማይስማማው ሰውም በወተት ይነፋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መከልከል ግን በእኛ ማዕድ ላይ የሚበላ አያስቀርም። ስለዚህ የተበላውንና የተሰማውን እየመዘገቡ አንዱን ለጥቂት ሳምንታት ማቆም፣ ከዚያም መልሶ መሞከር ይበጃል። ድርቀት ላለበት ሰው ተልባ ከበቂ ውኃ ጋር ይረዳል፤ የስንዴ ፉርሽካ ግን መንፋቱን ሊያብስ ይችላል። ቁርጠትን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ለአንዳንዱ ታካሚም ሐኪም ለድብርት ሕመም የሚሰጠውን አሚትሪፕቲሊን በአነስተኛ መጠን ያዛል፤ ይህ «አእምሮህ ታሟል» ማለት አይደለም።

ሰገራው ደም ያለበት፣ ሳይፈልግ ክብደቱ የቀነሰ፣ ደም ማነስ ወይም ትኩሳት ያለበት፣ ተቅማጥ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው፣ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመረው ሰው አይቢኤስ ነው ብሎ መቀመጥ የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው ሲመጣ የሙያ ባልደረቦቼ ክኒን ከመሸጥ ይልቅ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በቅርቡ ወዳለ ጤና ጣቢያ እንዲልኩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ