ፍሊትዉድ ዎከርም ይታወስ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ጃኪ ሮቢንሰን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። «በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር» የሚለው ግን ይታረም። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1947 የከፈተው ተዘግቶ የቆየ በር ነው። ከዚያ 63 ዓመት በፊት ሞሰስ ፍሊትዉድ ዎከር ገብቶበት ነበር።

ዎከር የኦሃዮ ልጅ ነው። በ1884 ለቶሊዶ ቡድን 42 ጨዋታ ተሰልፏል። ሥራው ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚወረወረውን ኳስ መቅለብ ነበር። ያኔ የዛሬው ዓይነት ወፍራም ጓንት የለም። ብዙ ጊዜ በባዶ እጁ ነው የሚቀልበው። ቀላቢው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚፈልግ ለወርዋሪው በምልክት ይነግረዋል። የገዛ ቡድኑ ወርዋሪ ቶኒ ሙላን ግን ዎከር ጥቁር ስለሆነ ብቻ ምልክቱን ችላ ብሎ ያሻውን ይወረውር ነበር። ይህን ከዓመታት በኋላ ያመነው ራሱ ሙላን ነው። አብረውኝ ከሠሩት ቀላቢዎች ሁሉ የሚበልጠው ዎከር ነው ብሎም መስክሯል። እስቲ አስቡት፣ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ያንን ኳስ በባዶ እጅ መያዝ!

በ1887 ለኒውአርክ ቡድን ሲጫወት፣ ቡድኑ የሚወዳደርበት የኢንተርናሽናል ሊግ ኃላፊዎች ከእንግዲህ ጥቁር ተጫዋች እንዳይቀጠር በድምፅ ወሰኑ። ዎከር ግን በሲራክዩስ ቡድን እስከ 1889 ቆየ። በ1924 ሲያርፍ በመቃብሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ አልቆመለትም። የቆመለት በ1990 ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ ታሪኩን በሰፊው ብታወጡልን በጣም ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ