ምስሉን ማን ያይልሻል?

የኔ ዓለም፣

ትናንት ማታ ስልኩን ከዘጋሽ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጡትሽ ላይ የዳበስሽው ነገር አስጨንቆኛል፣ አልደብቅሽም። ከእሱ እኩል ያስጨነቀኝ ግን «አልትራሳውንዱን እዚሁ ሰፈር እታያለሁ፣ ሁሉም ያው አይደል?» ያልሽው ነው። ያው አይደለም ልጄ።

ራጅ ያነሳንን ሰው ሁሉ ዶክተር ስንል ነው የኖርነው። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ራዲዮግራፈር ነው፣ ማሽኑን የሚያውቅ፣ ምስሉን የሚያነሳ ባለሙያ። ራዲዮሎጂስት የሚባለው ሐኪም ከሆነ በኋላ እንደገና ለዓመታት ምስል ማንበብ የተማረ ስፔሻሊስት ነው። ራጁን፣ ሲቲ ስካኑን፣ ኤምአርአዩን አንብቦ ሪፖርቱ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው፤ በሽተኛው ፊቱን እንኳ ሳያየው ወደ ቤቱ ይሄዳል። አልትራሳውንድ ደግሞ ይለያል። ሁሉም ነገር ያለው በሚያይሽ ሰው እጅና ዓይን ላይ ነው፤ ከቸኮለ እጢውን አልፎት ይሄዳል።

የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም ጡቴ ላይ አንድ ነገር ዳብሼ ነበር። ፈተና ላይ ስለነበርሽ አልነገርኩሽም። አንድ ቦታ ሄድኩ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም፣ «ኖርማል» የሚል አንድ መስመር ሰጡኝ፣ ስምም ፊርማም የለው። ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «ማነው ያየዎት?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ እሱ ራሱ ወደሚያምናት ራዲዮሎጂስት ላከኝ። ልጅቷ ማሽኑን ሳትነካ በፊት «የት ጋ ነው የዳበሱት? በጣትዎ ያሳዩኝ» አለችኝ። ያንን ቀዝቃዛ ጄል ቀባችኝና ጣቴ ካረፈበት ጀምራ ቀስ እያለች ዞረችው፣ ብብቴን ሳይቀር አየች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ ጥቁር ክብ ነገር አሳየችኝ። ውሃ የቋጠረ ነው፣ 14 ሚሊሜትር፣ አይስጉ አለችኝ። እዚያው አልጋው ላይ አለቀስኩ።

እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የለብሽም። እዚያው ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለልሽ። መጀመሪያ ግን የላከሽን ሐኪም «እርስዎ የማንን ሪፖርት ነው የሚያምኑት?» በያቸው። ሐኪሞች ይተዋወቃሉ። ከመሄድሽ በፊትም ደውለሽ የሚያየኝ ራዲዮሎጂስት ነው ወይ፣ ጡት አዘውትሮ ያያል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ይሉኝታ እንዳይዝሽ፣ ገላሽ ነው።

በ27 ዓመትሽ ማሞግራም የሚባለውን የጡት ራጅ ሳይሆን አልትራሳውንድ ማዘዛቸው ልክ ነው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም ላይ እጢ ሊደበቅ ይችላል። አልትራሳውንድ ጨረርም የለውም።

ሪፖርቱን ስትቀበዪ እዚያው ቆመሽ እይው። የእጢው መጠን በሚሊሜትር፣ ቦታውም ጡትሽን እንደ ሰዓት ፊት ቆጥረው የት ቁጥር ላይ እንደሆነ መጻፍ አለበት። መጨረሻ ላይ ባይራድስ የሚባል፣ ያዩት ነገር ምን ያህል እንደሚያሰጋ የሚያሳይ ቁጥር አለ። 2 ከሆነ ጉዳት የሌለው ነው። 3 ከሆነ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ከሁለት አይበልጥም፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ተመለሺ ነው የሚሉሽ። 4 ወይም 5 ከሆነ ናሙና ይወሰድ ማለት ነው፤ 4 ስላየሽ ብቻ ካንሰር ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ። 0 ካለ ደግሞ ምርመራው አልተሟላም ማለት ነው፣ ደህና ነሽ ማለት እንዳይመስልሽ።

አንድ ነገር አለ፣ በስልክ መናገር ያቃተኝ። ከቤተሰብ ጡቱን የታመመ አለ ወይ ብለው ይጠይቁሻል። አለ በያቸው። አክስትሽ ያኔ ለአንቺ የጨጓራ ነው ብለን የነገርንሽ የጡት ካንሰር ነበር። 43 ዓመቷ ነበር። የእናቴ እህት ናት፣ 43 ዓመቷ ነበር ብለሽ ንገሪያቸው፣ ዕድሜዋን እንዳትረሺ።

ሐሙስ ጠዋት ከአንቺ ጋር ለመግባት ረቡዕ በአውቶቡስ እመጣለሁ። አትምጪ እንዳትዪኝ።

እናትሽ