ከጣና ዳር የምስጋና መልእክት

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልብ ወለድ መጽሐፌ ወጣ! ቅዳሜ እዚሁ ባሕር ዳር በምረቃው ላይ እንባ ቀድሞኝ ብዙም ሳልናገር ስለወረድኩ፣ ያን ቀን ያልወጣልኝን ዛሬ ልጻፈው። ያለፈው ክረምት እንዴት እንዳለፈ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሕመሙን አልደግመውም።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ስሜ እንዳይጠራ ብለው ያዘዙኝን አባቴ የምላቸውን ታንኳ ሠሪ ላመስግን።

አባቴ፣ «ልዩ ኃይል ስላላቸው ልጆች ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው» ብዬ ስመጣብዎ አልሳቁብኝም። በርጩማ አቀረቡልኝና ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል እያሰሩ «በይ ጠይቂኝ» አሉኝ። የታጨደው ደንገል ፀሐይ ላይ ምን ያህል መጠውለግ እንዳለበት፣ ከሐይቁ የወጣ ታንኳ ለምን ተገትሮ እንደሚደርቅ፣ በጣቴ እያስነኩ አስረዱኝ። ወደ ላይ የሚቀለበሰውን አፍንጫውን ሲያስሩ ጉልበትዎን ደንገሉ ላይ ተክለው፣ የገመዱን ጫፍ በጥርስዎ ነክሰው ነበር። እንዳየሁት ምዕራፍ ሦስት ላይ አለ።

ነፋሱስ! ጣና ጸጥ ባለበት ጠዋት ቀና አሉና «ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ የሚሻገር አሁን ይሻገር» አሉ። እውነትም ከሰዓት ማዕበሉ መጣ። እንዴት አወቁ ብልዎ «ቆዳዬ ይነግረኛል፤ አባቴም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። ነፋስን ሳይመጣ የምትሰማው የመጽሐፌ ልጅ፣ የደቅ ደሴቷ፣ ያን ቀን ተወለደች። ከዚያ ወዲያ የልጆቹን ኃይል ሁሉ የፈለግሁት እዚሁ ሰው እጅ ላይ ነው። አንዴ የሰማውን የማይረሳው የዘጌው ልጅ ከአብነት ተማሪዎች የመጣ ነው። እምቦጭ ሥር ጠልቆ የሚተነፍሰው ደግሞ፣ አረሙ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ከሚነቅሉት ገበሬዎችና ወጣቶች። እናንተንም እጅ እነሣለሁ።

ይቅርታ፣ አሁንም እያለቀስኩ ነው። አልጋ ላይ ሳለሁ ዓሣ አስይዘው ልጅዎን ልከውብኝ ነበር፤ «መጽሐፉ ሳያልቅ መተኛት የለም በላት» ብለው። አባቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ምዕራፍ በምዕራፍ እንደሚያነብልዎ ቃል ገብቶልኛል።

እህቴ፣ እጄ ብዕር መያዝ ሲያቅተው እኔ እየተናገርኩ አንቺ ጻፍሽ። ውለታሽን በምን እመልሰዋለሁ?

ረቂቁን አንብባችሁ «የእኛ ዕድሜ ልጅ እንዲህ አያወራም» እያላችሁ የሞገታችሁኝ ተማሪዎች፣ ሐኪሞቼና ነርሶቹ፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር ድረስ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስማችሁን ያላነሣሁ ብዙ ናችሁ፤ በተለይ በጸሎት ያሰባችሁኝ እናቶች፣ እባካችሁ እንዳትቀየሙኝ።

አንድ ነገር ልለምን። ለደቅ ተማሪዎች ለይቼ ያስቀመጥኳቸው መጻሕፍት አሉ። በዚህ ሳምንት በጀልባ ወደ ደሴቱ የሚሻገር ሰው ካለ ይደውልልኝ፤ ወደቡ ድረስ አመጣቸዋለሁ።