የቲክ ጠረጴዛውን ከመግዛትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ቤት መያዝሽን ስትሰማ እልል ብላለች።

ባለፈው ስንደዋወል «ሻጩ የበርማ ቲክ ነው ይላል፤ ልግዛው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስልግ ኖሬ ይህን በአንድ ቃል መልሼ ስልኩን መዝጋት አልሆነልኝም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ቲክ የሚባለው እንጨት በውስጡ ቅባት ስላለው ዝናብም ምስጥም አይደፍረውም። እንግሊዞች መርከብ ይሠሩበት ነበር። በርማን፣ የዛሬዋን ምያንማር፣ ሲይዙም በ1856 ዲትሪክ ብራንዲስ የሚባል ጀርመናዊ የቲክ ደን ኃላፊ አደረጉ። የእሱ ደንብ የደረሰውን ዛፍ እየመረጡ መቁረጥ፣ ለጋውን መተው ነበር። ዛፉን ከሥሩ ዙሪያውን ይቀርፉትና ቆሞ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠብቃሉ። እርጥብ ቲክ ውሃ ላይ አይንሳፈፍማ! ከደረቀ በኋላ ዝሆን ይጎትተዋል፤ ወንዝ ይወስደዋል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ደስ ይለኛል። ጎረቤቷ ታይላንድም በ1896 የደን መሥሪያ ቤት ስታቋቁም የመጀመሪያውን ኃላፊ ያመጣችው ከበርማ ነው።

ኋላ ግን ታይላንድ ቸኮለች። በ1961 ከመሬቷ ከግማሽ በላይ ደን ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ30 በመቶ በታች ወረደ። በኖቬምበር 1988 በደቡብ፣ ናኮን ሲ ታማራት አካባቢ፣ ከባድ ዝናብ ጣለና ተራራው ተናደ። የተቆረጠው ግንድ ከጭቃው ጋር መንደሩ ላይ ወረደ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሕዝቡ ጮኸ፤ መንግሥትም በጃንዋሪ 1989 የተፈጥሮ ደን መቁረጥን በመላ አገሪቱ አገደ።

ደግ አደረገ። እኔን የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። መጋዙ ድንበር ተሻገረ። በርማ ውስጥ ያኔ ወታደሮች ሕዝቡን በጥይት ቆልተው ሥልጣን ይዘዋል፤ ዶላር ቸግሯቸዋል። ድንበር ዳር ያለውን ደን ለታይ ኩባንያዎች ሰጡ። ያ ሁሉ የመምረጥና የመጠበቅ ደንብ እዚያ ላይ ዋጋ አጣ። ከ2010 እስከ 2015 በርማ በየዓመቱ ከግማሽ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን አጥታለች። ከዚህ የባሰ ያጡት ብራዚልና ኢንዶኔዥያ ብቻ ናቸው። በ2014 ግንዱን እንዳለ ወደ ውጭ መላክ ተከለከለ። በ2021 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ደግሞ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት በመንግሥቱ የእንጨት ድርጅት ላይ ማዕቀብ ጣሉ።

ከ1989ኙ እገዳ በኋላ ታይላንድ ውስጥ ግንድ ይጎትቱ የነበሩት ዝሆኖች ሥራ ፈቱ። አንዳንዶቹ ከጠባቂዎቻቸው ጋር ባንኮክ ጎዳና ላይ ለልመና ወጡ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ታይላንድ ዛሬ በብዛት የምትሸጠው የጎማ ዛፍ ጣውላ ነው። ዛፉ 25 ዓመት ያህል ጎማ ሲቀዳለት ኖሮ ይደክማል። ድሮ ማገዶ ይሆን ነበር፤ አሁን ተሰንጥቆ፣ መድኃኒት ተነክሮ የቤት ዕቃ ይወጣዋል። ለማንም ሳይቸኩል አድጎ፣ አገልግሎ የተቆረጠ እንጨት ነው።

ስለዚህ እንጨቱ መቼ አገር ውስጥ እንደገባ ሻጩን ጠይቂው፤ ወረቀቱንም ያሳይሽ። ከተንተባተበ ተይው። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ቲክ ከሆነ ግን ያዢው። የጎማ ዛፍ ካገኘሽም ጥሩ ነው፤ ብቻ በረንዳ ላይ አታውጪው፣ እርጥበት አይወድም። የትኛውም ቢሆን ከመክፈልሽ በፊት ገልብጠሽ ሥሩን ፎቶ አንሺልኝ፤ መጋጠሚያውን ልየው።

አባትሽ