እግርሽ ነው ወይስ ወገብሽ?

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? እማማ ደህና ናቸው?

ሦስት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልሽም፤ ስልክሽንም አላነሳሁም። ያስቀየምሽኝ ነገር ኖሮ አይደለም። ታምሜ ነበር። ሲሻለኝ እደውላለሁ ስል ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። ሲቆይ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር ጨነቀኝ። ይቅር በይኝ።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህትሽ ደወለችልኝ። ወገብሽን ካመመሽ ስምንት ወር እንዳለፈው ነገረችኝ። እንጀራ መጋገሩን ትተሻል። ኤምአርአይ ተነስተሽ «ዲስክ ተንሸራቷል» ተብለሻል። አሁን ደግሞ ወርቅሽን ሸጠሽ፣ የእቁቡን ብር ጨምረሽ ባንኮክ ልትሄጂ ነው። «በትንሽ ቀዳዳ ሠርተው በማግስቱ ይለቁሻል» ብለውሻል። ይህን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ኦፕራሲዮን እኔም ተሠርቶልኛል፤ የጠፋሁብሽም በእሱ ሰበብ ነው። እባክሽ ትኬት ሳትቆርጪ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ጠዋት ከእኔ በጣም የሚከብዱ ሽማግሌ ከሻወር ሲወጡ አዳለጣቸው። እንዳይወድቁ ደግፌ ያዝኳቸው። ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ ሲል ተሰማኝ። እንደምንም ቀኑን ሠርቼ ጨረስኩ። በሦስተኛው ቀን ህመሙ ወደ ግራ እግሬ ወረደ። ከመቀመጫዬ ጀምሮ በታፋዬ ጀርባ፣ በባቴ አድርጎ እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ። ልክ ኤሌክትሪክ እንደያዘሽ ነው። ሳስነጥስ እጮህ ነበር። መቀመጥ አልችልም። ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ወለል ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ እውላለሁ። ልጄ ቡናውን አብርዳ በስትሮ ታጠጣኝ ነበር።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዘኝ ነገር «በእግር ጣትሽ ቁሚ» የሚል ነው። በቀኙ ቆምኩ። በግራው ተረከዜ ከመሬት አልነሳ አለ። ከዚያ ከቁርጭምጭሚቴ በስተኋላ ያለውን ጅማት በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገው። ቀኙ እግሬ ዘለል አለ። ግራው ዝም። ኤምአርአዩን ያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ልብ በይልኝ።

ዲስክ «ተንሸራተተ» ይባላል እንጂ ከቦታው የሚንሸራተት ነገር አይደለም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው። ዙሪያው ጠንካራ፣ መሀሉ ለስላሳ። ዙሪያው ሲቀደድ ለስላሳው ይወጣና ነርቭ ላይ ይቀመጣል። የእኔ የተቀደደው የመጨረሻው፣ ከዳሌ አጥንት በላይ ያለው ነበር።

ሐኪሙ ግን ወዲያው ቢላ አላነሳም። «ሰውነትሽ ራሱ ሊመጠው ይችላል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንይ» አለኝ። ተናደድኩ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እነሱ እንኳን በጣት ሊያቆሙኝ ጫማዬንም አላስወለቁኝ። ፎቶውን ብቻ አይተው «በሌዘር እንሠራሻለን፤ በእጅ ትከፍያለሽ» አሉኝ። ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ወደ መጀመሪያው ሐኪም ተመልሼ ስነግረው አልተቆጣም። ሆላንዶች በ2007 (እ.ኤ.አ) ስላወጡት ጥናት አስረዳኝ። እንደ እኔ እግራቸውን የሚያማቸውን 283 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ቶሎ ቀደዱ፤ ግማሾቹን እየጠበቁ አከሙ። የተቀደዱት ቶሎ ተሻላቸው። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን ከመቶ 95ቱ ድነዋል። ከጠበቁት ውስጥ ከመቶ 39ኙ በመጨረሻ ኦፕራሲዮን አስፈልጓቸዋል። እኔ ከእነዚያ ሆንኩ። አስረኛው ሳምንት ላይም ተረከዜ አልተነሳም ነበር።

ኦፕራሲዮኑ አያስፈራም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶሽ በሆድሽ ትተኛለሽ። በራጅ ቦታውን ያገኙታል። ሁለት ሳንቲሜትር የምታህል ቦታ ይቀድዳሉ። ቀጭን ዘንግ ያስገባሉ፤ በእሱ ላይ ትንሽ ወፈር ያለ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ። ጡንቻው ሳይቆረጥ ቀስ በቀስ ገለል ይላል። መጨረሻ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቱቦ ትቀራለች። በቱቦዋ በማይክሮስኮፕ እያዩ ከአጥንቱ ጥቂት ይፍቃሉ፣ ነርቩን ገለል አድርገው ፍንጣሪውን በመቆንጠጫ ይለቅማሉ። ሌዘር የሚባል ነገር አልነበረም። ከእኔ የወጣውን በብልቃጥ አሳዩኝ። ነጭ ቁራጭ ነው፤ ሁለት የባቄላ ፍሬ ቢያህል ነው። አየሁትና አለቀስኩ።

ስነቃ የእግሬ ህመም የለም። ማታ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ በእግሬ ሱቅ ደርሼ መጣሁ።

ወገቤ ግን ዛሬም ያመኛል። ጠዋት ስነሳ ድርቅ ይላል፣ ዝናብ ሲመጣ ያውቃል። ልነግርሽ የፈለግኩት ይህንን ነው። ይህ ኦፕራሲዮን የሚያድነው እግርን ነው። ነርቭ ሲጫን የሚመጣውን፣ ወደ እግር የሚወርደውን ህመም። ወገብ ብቻውን ሲያም ዲስኩን ማውጣት ብዙም አይረዳም። ቀዳዳው ትንሽ መሆኑም አያድንም። እነዚያው ሆላንዶች በ2009 (እ.ኤ.አ) በቱቦ የተሠሩትን ትንሽ ከፍተው በማይክሮስኮፕ ከሠሯቸው ጋር አስተያዩ። በቱቦ የተሠሩት የተሻለ ውጤት አላገኙም። ዋናው ነገር ሕመሙና ፎቶው መገጣጠማቸው ነው።

ፎቶ ብቻውን ያሳስታል። በእኛ ዕድሜ፣ በ40ዎቹ፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሱ ግማሽ ያህሉ ዲስካቸው አብጦ ይታያል። ስለዚህ «ተንሸራቷል» የሚል ወረቀት ስላለሽ ብቻ ወርቅሽን አትሽጪ። የእናትሽ አምባር እኮ ነው።

እህትሽን ጠየቅኳት፤ «ወገቧን ነው የምትለው፣ እግሯን ስትል አልሰማሁም» አለችኝ። ምጣድ ላይ አጎንብሰሽ የምትውዪው፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን የምታነሺው አንቺ ነሽ። ልጆች ሳለንም የእኔን ጀሪካን ትቀሚኝ ነበር። ይህ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ከሆነ የሚሻልሽ ፊዚዮቴራፒና እንቅስቃሴ ነው። ምጣዱንም ከፍ አስደርጊው፤ ቀና ብለሽ ጋግሪ። ወጌሻ ግን ወገብሽን እንዳያሽሽ አደራ።

ሦስት ነገር ካለ ግን አትጠብቂ። ሽንት ከከለከለሽ ወይም ካመለጠሽ፣ ወይም ጭንሽ መሀል፣ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘሽ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ግቢ። እግርሽ እየሰነፈ ከሄደም እንዲሁ። ሌሊት ላብ ካጠመቀሽ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ከከሳሽ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አለመሆኑን ይመርምሩሽ። በአገራችን ብዙ አለ። በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን ያጎብጣል፣ ሽባም ያደርጋል።

ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል ከተባለም መጀመሪያ እዚያው አዲስ አበባ ሁለት ሐኪም አማክሪ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይዋ በርገን ጋር ሆኖ ከ2006 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ዛሬ ያን ሥራ የሚያውቁ የአገር ልጆች አሉ። ሲመረምሩሽ ጫማሽን አስወልቀው፣ በጣትሽና በተረከዝሽ ያስኬዱሽ እንደሆነ ተመልከቺ። ያላደረገ ሐኪም ጋ አትመለሺ። «ከመቶ ስንቱ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ ዲስኩ እንደገና ይወጣበታል?» ብለሽም ጠይቂ። የእኔ ሐኪም ከአምስት እስከ አስር ብሎኛል። ስለዚህ አሁን ሰው ብቻዬን አላነሳም፤ ማንሻ ማሽን ከሌለ ሁለተኛ ሰው ካልመጣ እንቢ እላለሁ።

የኤምአርአዩን ወረቀት በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ምስሉን ሳይሆን ጽሑፉን። አሁኑኑ ደግሞ በባዶ እግርሽ በየተራ በአንድ እግር ጣትሽ ቁሚና ንገሪኝ። እሁድ በእናንተ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ድምፅሽን አልሰማሁም። እባክሽ አንሺው።

ያንቺው