ዜሮው እንቅልፍ ነሳኝ

እንዴት ነሽልኝ አንቺዬ?

አውቃለሁ፣ የጠፋሁት እኔ ነኝ። መልእክትሽን አይቼ «ማታ ተረጋግቼ እመልሳለሁ» አልኩ፣ ማታው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ መጻፉ ራሱ አሳፈረኝ። በቃ ይቅርታ። ስድቡን ስንገናኝ ታወርጂዋለሽ፣ አሁን ጉዳይ አለኝ። «ሲቸግር ነው ወዳጅ ትዝ የሚለው» ብትዪኝም እውነትሽን ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራም አልቀየርኩም። የድሮው ቡድን ተበታትኗል፣ ያቺ የሥርዓታችንን ክፍሎች የምታሳየው ንድፍ፣ ያቺ ሞዴል ግን አለች። አዎ፣ ያቺው። አንቺ ጥለሻት ስትሄጂ ሳጥንና መስመር ብቻ ነበረች፣ አሁን አብጣለች፤ ሳጥን ውስጥ ሳጥን፣ እሱም ውስጥ ሌላ ሳጥን። ይሄ ሳያንስ አለቆች አዲስ ጥያቄ ይዘው መጡ። እያንዳንዱ ኮምፖነንት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሳጥን፣ ስንት ይመዝናል? ስንት ዋት ይበላል? ኃላፊው ማነው? ቢበላሽስ ምን ያህል ያሰጋል? መልሱ ግማሹ ኤክሴል ውስጥ፣ ግማሹ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሞዴሉ ውስጥ ግን ምንም የለም።

በእጅ መሙላቱን ሞከርኩት፣ ዓይኔ ፈዘዘ። ስለዚህ ስክሪፕት ጻፍኩ። እና ደስ ሲል! አሁን የምንሠራው በሲስተም ኮምፖዘር ነው፣ ሞዴል መሥሪያው ሶፍትዌር፤ በማትላብ የፕሮግራም ቋንቋ እንደልብሽ ታዢዋለሽ። መጀመሪያ ፕሮፋይል የሚባል መያዣ ትፈጥሪያለሽ፣ እሱ ውስጥ ስቴሪዮታይፕ፣ ሳጥን ላይ የሚለጠፍ የዓይነት መለያ በይው፣ ስቴሪዮታይፑ ውስጥ ፕሮፐርቲ፣ እንደ ክብደት ያለ የሚሞላ መረጃ። ለኮምፖነንት ይሁን፣ ለፖርት (ለሳጥኑ መግቢያና መውጫ) ይሁን፣ ለኮነክተር (ለመስመሩ)፣ አንቺ ነሽ የምትወስኚው። ፕሮፐርቲው ቁጥር ከሆነ ዩኒቱንም አብረሽ ትጽፊያለሽ። (እዚህ ላይ ያቺ እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው የማርስ መንኮራኩር ትዝ አለችኝ፣ አንዱ በፓውንድ ሲያሰላ ሌላው በኒውተን እየጠበቀ። ስንቴ ነው በሷ ታሪክ ያደነቆርሽን!) ከዚያ ፕሮፋይሉን ከሞዴሉ ጋር ታገናኚና «አፕላይ ስቴሪዮታይፕ» ብለሽ ትለጥፊያለሽ፣ «ሴት ፕሮፐርቲ» ብለሽ ትሞያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ አበሳጨኝ። «ሴት ፕሮፐርቲ» ዋጋውን የሚያነበው እንደ ማትላብ ስሌት ነው፣ ቁጥሩም በጽሑፍ መልክ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የኃላፊውን ስም ስታስገቢ ጥቅስ ውስጥ ሌላ ጥቅስ ካልከተትሽ ስሙን እንደ ቫሪያብል፣ ዋጋ እንደያዘ የኮድ ስም፣ ያየዋል። አንቺ ብትኖሪ «ዶክመንቱን አንብብ የሚባለው ለዚህ ነው» ብለሽ ትስቂ ነበር።

የኤክሴሉን መስመር ከሳጥኑ ጋር ማገናኘቱም ቀላል አይደለም። በስም ካገናኘሽው፣ አንዱ ተነስቶ «ፓምፕ» የነበረውን «ዋና ፓምፕ» ሲለው ሁሉ ነገር ይበጠሳል። እኔ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ሳጥን በሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ በዩዩአይዲው አያያዝኩት። ስም ይቀየራል፣ መለያው ግን እዚያው ነው። ለኤክሴሉ መለያውን የሚይዝ አንድ አስቀያሚ ዓምድ ጨመርኩበት፣ ሰዎቹ ሊሰርዙት ሲሉ እጄን አውለብልቤ አስቆምኳቸው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ።

«ባች አፕላይ ስቴሪዮታይፕ» የሚባል አለ። በአንድ መስመር ሞዴሉን ከላይ እስከ ታች ይለጥፍልሻል፣ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም። ግሩም ነው። ችግሩ፣ እንደለጠፈ ሁሉም ሳጥን «ክብደት» የሚል ፕሮፐርቲ ይኖረዋል፣ ኤክሴሉ ላይ መልስ የሌለውም ጭምር። እዚያ ውስጥ ያለው ደግሞ ዲፎልቱ፣ ማንም ሳይሞላው በራሱ የሚቀመጠው ዋጋ፣ ነው። እኛ ጋ ዜሮ። ከዚያ የክብደቱ ድምር ይሠራል፣ ያምራል፣ ቀይ ምልክት የለበትም፣ ሥርዓቱ ግን ከእውነቱ ቀልሎ ይታያል። ትናንት ሞዴሉ «አላውቅም» ይል ነበር። ዛሬ «ዜሮ ኪሎግራም» ይላል፣ ያውም በሙሉ ልብ።

ደግሞ ዜሮው ሁሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የሶፍትዌር ኮምፖነንቶቹ የእውነት ዜሮ ናቸው! ክብደት የላቸውም። ማንም ያልሞላው ዜሮና ትክክለኛው ዜሮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በምን ትለያቸዋለሽ?

ዲፎልቱን ናን እናድርገው አልኩ፣ ማለቴ ያ «ቁጥር አይደለም» የሚለው የማትላብ ዋጋ። አንድ ናን የገባበት ድምር ሁሉ ናን ይሆናል። ለእኔ ይሄ ሐቀኝነት ነው፣ ለአለቆቼ ግን «መሣሪያው ተበላሸ» ነው። አንዱ ደግሞ ኔጌቲቭ አንድ እናድርገው አለ። ቁጭ ብሎ ከድምሩ ሊቀንስልን! ዝም አልኩት፣ ብናገር እጣላለሁ።

እኔ ልቤ ያደላው ወዲህ ነው። በጅምላ አለመለጠፍ። መልስ ላለው ሳጥን ብቻ ስቴሪዮታይፑን መስጠት፣ ከዚያ በሞዴሉ ላይ ዞሮ የሌለውን መፈለግ። አለመለጠፉ ራሱ «ገና አልታወቀም» ይለኛል። ሶፍትዌሩን ደግሞ ክብደት የሚባል ነገር ጭራሽ በሌለበት በሌላ ስቴሪዮታይፕ መለየት፤ ሁለቱም ከአንድ ወላጅ ይወርሳሉ፣ ኃላፊውና የአደጋ ደረጃው ወላጁ ላይ ይቀመጣል። ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ምርጫ፦ ግምት፣ ስሌት፣ ወይስ በሚዛን የተለካ። የመንኮራኩር ሰዎች ክብደት ሲይዙ እንዲህ ነው የሚያደርጉት አይደል? ለግምቱ ሰፋ ያለ መጠባበቂያ ይጨምራሉ፣ ለተለካው እምብዛም። ያኔ ድምሩ ብቻ ሳይሆን ከድምሩ ስንቱ ግምት እንደሆነም ይታያል።

ቡድናችን ውስጥ ያለ አንድ ልጅ «ወደ ሲስኤምኤል ቪ2 ስንሄድ ይፈታል» ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው አዲሱ የሥርዓት ሞዴል መጻፊያ ቋንቋ። እዚያ ሜታዳታ፣ ስለ ሳጥኑ የሚጨመረው መረጃ፣ በጽሑፍ ነው የሚገለጸው፣ በ@ ምልክት ትለጥፊዋለሽ፣ ሌላ ፕሮግራም ሞዴሉን የሚያናግርበት ኤፒአይውም አብሮት የመጣ መደበኛ ነው። ወድጄዋለሁ፣ እንሂድ። ግን ዜሮውን ተሸክመን ከሄድን እዚያም ዜሮ ነው።

ያልወሰንኩት የመረጃውን ባለቤትነት ነው። ስክሪፕቱ በየሌሊቱ ከኤክሴሉ እያነበበ ቢጽፍ፣ አንዱ ኢንጂነር ቀን ሞዴሉ ላይ ያረመውን ሌሊት ያጠፋበታል። ስለዚህ ወይ ኤክሴሉ ጌታ ይሁን፣ ወይ ሞዴሉ ጌታ ሆኖ ኤክሴሉ ይቀበር። እኔ ኤክሴሉ ይቀበር ባይ ነኝ። ሰዉ ግን ኤክሴሉን ይወደዋል፣ ሞዴሉን ይፈራዋል። አንቺ ይሄን ነገር ቀድመሽ ያየሽው ይመስለኛል፣ እና ስብሰባ ላይ «የማውቃት ሰው አለች፣ እሷን እጠይቃለሁ» የሚል ከአፌ አመለጠኝ።

እና ደግሞ... ይሄን ልተወው ይሆን? አይ፣ ልበለው። የሄድሽ ጊዜ አኩርፌሽ ነበር። ለመሰናበቻ ስስቅ አይተሽኛል፣ ውስጤ ግን «ይሄን ሁሉ ለኔ ጥላ» እያለ ነበር። አሁን አልፏል። የዘገየሁበት ምክንያት ግማሹ እሱ ሳይሆን አይቀርም። መልስ አያስፈልገውም፣ ዝለይው።

መልስ የምፈልግበት ሌላ ነው፦ ያ ግምት፣ ስሌት፣ ሚዛን የሚለው ምርጫ ግዴታ ይሁን ወይስ ባዶ መተው ይቻል? ግዴታ ካደረግኩት ሰው ለመገላገል ብሎ «በሚዛን» ይልልኛል ብዬ እፈራለሁ። ሞዴሉን መላክ አልችልም፣ ፕሮፋይሉን ግን ነጥዬ አያይዤልሻለሁ፣ ኤክስኤምኤል ነው፣ በማንኛውም ነገር ይከፈታል። መጻፍ ከታከተሽ በድምፅ ላኪልኝ። ስብሰባው ረቡዕ ጠዋት ነው።