የቤንጋሉሩ ነባር ምግብ ቤቶች ወረፋ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ደቡብ ህንዷ ቤንጋሉሩ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ከተማዋን በሚገባ ቢያስተዋውቁም፣ ሥጋ የማይቀርብባቸውን ነባር ምግብ ቤቶች ግን ወረፋቸው አሰልቺ፣ የምግብ ዝርዝራቸው አጭር፣ አዳራሻቸውም ያረጀ ነው በማለት በጥቂት መስመር አልፈዋቸዋል። ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለንግድ ወደዚያ የሚያቀኑ ወገኖቻችን ጥቂት ስላልሆኑ፣ ይህን ምክር ይዘው የከተማዋን ምርጥ ገበታ ሳይቀምሱ እንዳይመለሱ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በእኔ እምነት ጸሐፊው በጉድለት የፈረጇቸው ነገሮች የምግቡ ጥራት የተመሠረተባቸው ናቸው።

በመጀመሪያ የምግብ ዝርዝሩ ለምን እንዳጠረ እንመልከት። በእንፋሎት የሚበስለው ኢድሊም ሆነ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ የሚጋገረው ዶሳ የሚሠሩት ከሩዝና ኡራድ ከሚባል ጥራጥሬ ነው፤ ሁለቱ ተዘፍዝፈው ይፈጫሉ፣ ከዚያም ሊጡ እንደ እኛው እንጀራ ሊጥ እስኪቦካ ድረስ ያድራል። በቅጡ ያልቦካ ሊጥ ኢድሊውን ድፍን ያደርገዋል፣ ከልክ ያለፈው ደግሞ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ጥራቱን የሚጠብቅ ቤት ለነገ የሚበቃውን ዛሬ ያቦካል እንጂ እንግዳ በበዛ ቁጥር በጥድፊያ የሚያዘጋጀው ሊጥ አይኖረውም። ሃምሳ ዓይነት ምግብ የሚደረድር ቤት በዚህ ሥርዓት ሊሠራ አይችልም።

ላልባግ ከተባለው የአትክልት ሥፍራ አጠገብ የሚገኘውን ማቫሊ ቲፊን ሩምስን፣ በተለምዶ ኤምቲአር የሚባለውን ቤት፣ እንደ አብነት ላንሳ። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1924 የተከፈተ ሲሆን፣ መሥራቾቹ በማብሰል ሙያ ስመ ጥር ከሆነው ከኡዱፒ አካባቢ የመጡ የማያ ቤተሰብ ወንድማማቾች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ያግናናራያና ማያ እ.ኤ.አ. በ1951 አውሮፓ ሄደው የምግብ ቤቶችን አሠራር ከተመለከቱ በኋላ፣ ሲመለሱ የመመገቢያ ዕቃዎች በሙቀት ከጀርም እንዲጸዱ አደረጉ፤ እንግዶችም ንጽሕናውን በዓይናቸው አይተው ያረጋግጡ ዘንድ በማዕድ ቤቱ በኩል እንዲገቡ ፈቀዱ። ጓዳውን ለማንም ገልጦ ለማሳየት የሚደፍር ስንቱ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን በርማን ስትይዝ ከዚያ ይመጣ የነበረው ሩዝ በመቋረጡ፣ የኤምቲአር ባለሙያዎች በሩዝ ፋንታ ሰሞሊና የሚባለውን ሸካራ የስንዴ ዱቄት ሞክረው ራቫ ኢድሊን እንደፈጠሩ ቤቱ ይናገራል። ዛሬ ይህ ምግብ በመላው ደቡብ ህንድ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የምግብ ዋጋ በትእዛዝ እንዲወርድ ሲደረግ፣ ባለቤቶቹ በተተመነው ዋጋ የለመዱትን ጥራት መጠበቅ ስላልቻሉ፣ ቅቤውንና ቅመሙን ከማሳነስ ይልቅ ምግብ ቤቱን መዝጋትን መረጡ። ሠራተኞቻቸው ሥራ ፈት እንዳይሆኑም ቅመማ ቅመምና የተዘጋጀ የኢድሊ ዱቄት እያሸጉ ወደ መሸጥ ዞሩ። ያ የዱቄት ንግድ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2007 ኦርክላ ለተባለ የኖርዌይ ኩባንያ ሲሸጥ፣ ኋላ ዳግም የተከፈተው ምግብ ቤት ግን በቤተሰቡ እጅ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን ቤት ግድግዳው አርጅቷል ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በባሳቫናጉዲ ሠፈር፣ በጋንዲ ባዛር መንገድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ የሚሠራው ቪድያርቲ ባቫን ሌላው ምስክር ነው። ለአካባቢው ተማሪዎች ተብሎ የተከፈተ ትንሽ ቤት ስለሆነ፣ ማንም ስሙን አስመዝግቦ ደጅ ይጠብቃል፤ ሲጠራም ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል። ነጭ ሽርጥ ያገለደመው አስተናጋጅ ከመዳፉ እስከ ክርኑ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ትከሻው ድረስ ሳህን በሳህን ላይ ደርድሮ በጠባቡ መተላለፊያ ሲመጣ፣ የአንዱም ዶሳ ጠርዝ አይሰበርም። ዶሳው ወፈር ያለ፣ ውጪው በቅቤ ተጠብሶ የቀላ፣ ውስጡ ለስላሳ ሲሆን፣ በሆዱ የድንች ወጥ ይይዛል፤ ከኮኮናት የተሠራው ቀጭን ማባያም በላዩ እንደልብ ይፈስበታል።

ስለ ቡናው ጥቂት ልበል። ከቡናው ጋር ብዙ ጊዜ ቺኮሪ የሚባል ተቆልቶ የተፈጨ ሥር ይቀላቀላል፤ ይህ ለእኛ ለቡና ወዳጆች ሲነገር ደስ አይልም። ሆኖም በቀስታ ተጠልሎ የወረደውን ወፍራም ቡና ከትኩስ ወተት ጋር ደባልቀው፣ ከብርጭቆው ወደ ጎድጓዳው ማስቀመጫ፣ ከማስቀመጫውም ወደ ብርጭቆው ከፍ አድርገው እያንቆረቆሩ አረፋ ሲያስይዙት ጠጥቶ መፍረድ ይሻላል።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ በልተው ከጨረሱ በኋላ ተደላድሎ ማውጋት በእነዚህ ቤቶች አይቻልም፣ ተራ የሚጠብቀው እንግዳ ከአጠገብ ቆሞ ያያልና። ይህ ለቀጠሮና ለወግ የማይመች መሆኑን አልክድም።

ለጿሚ ተጓዦች ግን ጽሑፉ ሊያነሣው ሲገባ የዘለለው ነገር አለ። በእነዚህ ቤቶች ሥጋና እንቁላል ባይኖርም ቅቤ፣ እርጎና ወተት በብዛት ስለሚገቡ፣ ምግቡ ሁሉ ለጾም ይሆናል ማለት አይደለም። ኤምቲአር ዶሳውን የሚያቀርበው የቀለጠ ቅቤ በትንሽ ኩባያ ከጎኑ አድርጎ ነው፤ ራቫ ኢድሊም በእርጎ ይለወሳል። በሩዝና በኡራድ ብቻ የተሠራው ተራ ኢድሊ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ቢሆንም፣ ቅቤ እንዳይፈስበት አስቀድሞ ለአስተናጋጁ መንገር ያስፈልጋል።

ዓምደኛው ጽሑፋቸውን በሌላ እትም የሚያርሙ ከሆነ፣ ማልዶ መሄድ ወረፋውን እንደሚያቀል፣ ኤምቲአር ሰኞ፣ ቪድያርቲ ባቫን ደግሞ ዓርብ ዝግ መሆናቸውን ቢጨምሩበት አንባቢን ከከንቱ መንገድ ያድናሉ።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ